ወደቡ የግል፣ ጓሮው የኪራይ፦ ሆንግ ኮንግን ያስረከበው የ99 ዓመታት ውል

ሰኔ 24 ቀን 1989 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ጁላይ 1 ቀን 1997) እኩለ ሌሊት ላይ የብሪታኒያ ሰንደቅ ዓላማ ከሆንግ ኮንግ ወርዶ የቻይና ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። ብዙዎች ይህን ቀን የወደቧ የኪራይ ዘመን ያበቃበት አድርገው ያስታውሱታል። እውነታው ግን ይለያል። የሆንግ ኮንግ ደሴት በኪራይ የተያዘች አልነበረችም። በኪራይ የተያዘው ከወደቡ ጀርባ ያለው ገጠር ነበር። ብሪታኒያን ደሴቲቱን ጭምር እንድትለቅ ያስገደዳትም ይኸው ገጠር ነው።

ደሴቲቱ ቻይና በኦፒየም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ እ.ኤ.አ በ1842 በናንኪንግ ውል ለዘለቄታው ለብሪታኒያ ተሰጠች። በ1860 ደግሞ ከወደቡ ማዶ ያለው የካውሉን ደቡባዊ ጫፍ ተጨመረ። ሁለቱም ጠባብ ነበሩ። ስለዚህ ብሪታኒያ ወደቡን ከጥቃት ለመከላከል በሚል በ1898 ሰፊ መሬትና ከ200 በላይ ደሴቶችን ያለ ክፍያ ለ99 ዓመታት በሊዝ ወሰደች። “አዲሶቹ ግዛቶች” የተባለው ይህ ስፍራ ከቅኝ ግዛቱ መሬት ከ10 እጅ 9 እጁን ገደማ ይይዛል።

በስፍራው ሩዝ ያመርቱ የነበሩ ገበሬዎችን ማንም አላማከረም። በ1899 ርስታችንን ልናጣ ነው ብለው የሰጉ የመንደር ነዋሪዎች መሣሪያ አንሥተው እንግሊዞችን ቢገጥሙም በቀናት ውስጥ ተሸነፉ።

ከጊዜ በኋላ ከተማዋ በኪራይ መሬቱ ላይ ተደገፈች። ትላልቅ የውኃ ግድቦቿ፣ የካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከ1972 ጀምሮ የኮንቴይነር መርከቦችን ያስተናገደው የክዋይ ቹንግ ወደብና አዳዲስ የመኖሪያ ከተሞች የተገነቡት በዚያ ነው። በ1963 በደረሰው ድርቅ ነዋሪዎች በ4 ቀን አንዴ ለ4 ሰዓት ብቻ ውኃ ያገኙ ነበር። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ከቻይናው የዶንግጂያንግ ወንዝ ውኃ መግዛት ጀመረች።

ችግሩ ጎልቶ የወጣው በመሬት ይዞታ ነው። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በኪራይ መሬቱ ላይ ከ1997 የሚያልፍ ይዞታ መስጠት አይችልም ነበር። በ1982 የ15 ዓመት የቤት ብድር የሚወስድ ሰው ብድሩን ከፍሎ ሲጨርስ ውሉም ያበቃል። አገረ ገዥው መሪ ማክሌሆስ በ1979 ቤጂንግ ሄደው ጉዳዩን ቢያነሡም ዴንግ ዢያኦፒንግ ባለሀብቶች እንዲረጋጉ ከመምከር በቀር የሊዝ ማራዘሚያ አልሰጧቸውም። በ1982 ማርጋሬት ታቸር የቀደሙት ውሎች የጸኑ ናቸው ብለው ተከራከሩ። ነገር ግን ደሴቲቱን ይዞ ገጠሩን መመለስ ወደብን ያለ ውኃና ያለ መሬት ማስቀረት ነበር። በዲሴምበር 1984 ሁሉንም ለመመለስ ተፈራረሙ።

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” እንዲሉ፣ ብሪታኒያ በሊዝ መሬት ላይ የገነባችው ሁሉ ጉልበት ሆኖ ያገለገለው ለመሬቱ ባለቤት ነው። የወደብ ጉዳይ በኢትዮጵያም መነጋገሪያ በሆነበት በዚህ ወቅት የሆንግ ኮንግ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያስጨብጣል። የወደብ ውል ሲመዘን መታየት ያለበት መርከብ የሚቆምበት ዳርቻ ብቻ አይደለም። ውኃው ከየት ይመጣል፣ መንገዱ በማን መሬት ያልፋል፣ በአካባቢው የሚኖረው ገበሬስ ምን ይላል፣ የውሉ ዘመን ሲያበቃ በመሬቱ ላይ የተገነባው የማን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ከፊርማው በፊት መልስ ይፈልጋሉ።