የትምህርት ዕድል ወይስ የትምህርት ዕዳ?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ያደገ ወጣት ብር ሸለቆ የት እንደሆነ ለማወቅ ካርታ አያስፈልገውም። በብር ወንዝ ሸለቆ ያለው የወታደር ማሠልጠኛ ለጃቢ ጠህናን፣ ለቡሬና ለወንበርማ ገበሬ እንደ ገበያ ቀን የታወቀ ስም ነው። አገሬው በቆሎና በርበሬ ያመርታል፤ ማሠልጠኛው ወታደር ያመርታል። ወደዚያ የገባው ልጅ ስንት ዓመት ቆይቶ ምን ይዞ እንደሚመለስ ግን በቂ ክርክር ተደርጎበት አያውቅም።

ለውትድርና ምልመላ ጥሪ ሲደረግ ከደመወዝ፣ ከቀለብና ከሕክምና ቀጥሎ የማትጠፋ አንዲት ሐረግ አለች፦ «የትምህርት ዕድል»። ይህች ሐረግ ትመርመር። ዕድል በአማርኛ ዕጣ ነው። ሎተሪም ዕድል ነው። የደረሰው ያመሰግናል፤ ያልደረሰው የሚከስሰው የለም። «የደመወዝ ዕድል» የሚል ሰው የለም። «የጡረታ ዕድል» ብሎ የጻፈ አዋጅም የለም። ደመወዝም ጡረታም ሲዘገዩ ሰው አቤት የሚለው የሚገባው ስለሆነ ነው። ትምህርት ላይ ሲደረስ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ የሚገባው ነገር ቀርቶ የሚደርሰው ነገር ይመጣል።

በተግባርም እንደ ቃሉ ነው። ወታደር ያለ አለቃው ፈቃድ ክፍል ገብቶ መማር አይችልም። ከተማ አጠገብ የተመደበ ማታ ማታ ኮሌጅ ሊሄድ ይችል ይሆናል፤ ምሽግ ውስጥ ያለው ግን አይችልም። መቀመጫው ቢሾፍቱ የሆነው የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስናም በጤናም ያስተምራል፣ ጥሩ ባለሙያም አውጥቷል። እሱ ግን የሚያስተምረው ለሠራዊቱ የሚያስፈልገውን ሰው ነው፤ ሠራዊቱ ከእንግዲህ ለማይፈልገው ሰው የተሠራ ቤት አይደለም። እዚህ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ታሪክ የሚያነሳ አይጠፋም፤ በልጅነታቸው ሠራዊቱን ተቀላቅለው፣ በ2001 ዓ.ም. ከማይክሮሊንክ ኮሌጅ በኮምፒውተር ምህንድስና ዲግሪ ይዘዋል። እውነት ነው። አንድ ሰው መውጣቱ ግን መሰላል መኖሩን አያሳይም። በዚያው ዘመን አብረው የዘመቱት በሺዎች የሚቆጠሩት የት ደረሱ? ጥያቄው እዚያ ላይ ነው።

ለማነጻጸር አሜሪካን ማየት ይጠቅማል፤ በተለይ የአማርኛ ተናጋሪው ዘመድ አዝማድ ስላለበት። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መካከል ልጁ ወታደር ሆኖ አገልግሎ በመንግሥት ወጪ ዩኒቨርሲቲ የገባለት አለ። ይህ ልጅ ማንንም አልለመነም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ፣ የሚፈለገውን የአገልግሎት ዘመን ለጨረሰ ወታደር የ36 ወር ትምህርት ይሰጠዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ክፍያው ይሸፈናል፣ የቤት ኪራይ ድጎማ አለው፣ የመጽሐፍ መግዣ አለው። ረዘም ላለ ጊዜ ለማገልገል ከፈረመ ደግሞ ለልጁ ወይም ለሚስቱ ማስተላለፍ ይችላል። የቀድሞ አዛዡ ቢወደውም ቢጠላውም ለውጥ የለውም። ትምህርት ቤቱንም ሙያውንም የሚመርጠው ራሱ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ያደረጉት ደግ ስለሆኑ እንዳይመስለን። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮቻቸው የተባለላቸው ገንዘብ ዘገየባቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 በሺዎች ሆነው ዋሽንግተን ገብተው ድንኳን ተከሉ፣ መንግሥታቸውም በገዛ ጦሩ፣ በታንክና በአስለቃሽ ጋዝ በተናቸው። ያ ውርደት አልተረሳም። ሁለተኛው ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ በ1944፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተመላሽ ወታደሮችን ሕግ ፈረሙ። 16 ሚሊዮን የታጠቀ ሰው ሥራ አጥቶ አገር ቤት ቢገባ ምን ሊመጣ እንደሚችል ስለገባቸው ነው የፈረሙት። በሕጉ ከተጠቀሙት 7.8 ሚሊዮን ያህሉ ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ኮሌጅ ገቡ። የቀሩት ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ እርሻ ተማሩ። በ1947 ከኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ የሚጠጋው የቀድሞ ወታደር ነበር። ጥቁሩ ወታደር በብዙ ቦታ በሩ እንደተዘጋበትም መካድ አይቻልም፤ በተለይ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ ለሁሉም እኩል ቢጽፍም የሚያስፈጽመው ነጩ ሹም ነበር። ሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም ለሚል ሰው ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሕግ ባይኖር ግን ያ ጥቁር ወታደር የሚከራከርበት ወረቀት እንኳ አይኖረውም ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል የሚል ነበር። በወረቀት 30 ወር ነው። የዘመተው የገበሬ ልጅ ግን 30 ወሩን ቆጥሮ አልተመለሰም፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆየ፣ ወይም እዚያው ቀረ። በ1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን የሚገመተው ሠራዊት ሲበተን፣ ከኤርትራ በእግሩ በሱዳን በኩል የገባ አለ፣ በየከተማው መለዮውን እንደለበሰ የለመነ አለ። የቀድሞው ሠራዊት አባላትን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ እህል ሰጠ፣ መጓጓዣ ሰጠ፣ ገጠር ለገባው የእርሻ ግብዓት ሰጠ። ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን ሃያዎቹን ዕድሜ ምሽግ ውስጥ የጨረሰ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ የተነጠቀ ልጅ ወደ ደብተሩ እንዲመለስ የሚያስገድድ መብት በእጁ አልነበረም። የተሸነፈ ጦር ወታደር ነበርና «ወደ ቀዬህ ግባ» ተባለ።

ያሸነፈው ወገንስ? በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከተማሪዎቹ መካከል የትምህርት ዘመናቸውን በረሃ ያሳለፉ የቀድሞ ታጋዮች ነበሩበት። የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት መለስ ዜናዊ ራሳቸው በዚያው ዓመት አካባቢ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት የማስተርስ ዲግሪ አግኝተዋል፤ ከእርሳቸው ጋር የተማሩ ሌሎች የግንባሩ መሪዎችም ነበሩ። የሕክምና ትምህርቱን ጥሎ በረሃ የገባ ሰው ሥልጣን ይዞም ቢሆን መማሩ የሚያስወቅስ አይደለም፤ የሚያስመሰግን ነው። የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። አንድ አገር፣ አንድ ጦርነት፣ ሁለት ወታደሮች፦ አንዱ በጦርነት ያጠፋው ዕድሜ ተቆጥሮ ትምህርት ተከፈለው፣ ሌላው ያጠፋው ዕድሜ እንደ ጥፋት ተቆጠረበት። ትምህርት የአሸናፊ ምርኮ ሆነ ማለት ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልተላቀቅነው በሽታ ይኼ ነው።

ዛሬስ? ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ለማቋቋም ዕቅድ ይዟል። ትልቅ ቁጥር ነው። ብዙ የተወራው ግን ትጥቅ ስለማስፈታትና ለመቋቋሚያ ስለሚሰጥ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያልቃል። ሦስት ፍየል የገዛ ሰው ድርቅ ሲመጣ ፍየሉን ይሸጣል፤ ዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ግን አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ የሚወስድበት የለም።

በምዕራብ ጎጃም ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸውን የትምህርት ቢሮው ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው የደጋ ዳሞት ልጅ ፊቱ ላይ ያለው ምንድን ነው? ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። በአንድ በኩል መለዮ ይጠራዋል፣ በሌላ በኩል ጫካ ይጠራዋል። ሁለቱም ጠመንጃ ይሰጡታል። ሁለቱም ደብተር የላቸውም። ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሕይወት ከተረፈ በሃያ ስምንት ዓመቱ በስምንተኛ ክፍል ዕውቀት ወደ ቤቱ ይገባል።

«ዩኒቨርሲቲ እኮ ነጻ ነው፣ ወታደሩም እንደ ማንኛውም ሰው ተፈትኖ ይግባ» የሚል ክርክር አለ። ከሩቅ ሲሰማ ፍትሐዊ ይመስላል። ቀረብ ብለን እንየው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረው ከመቶ ዘጠና በላይ በወደቀበት ፈተና፣ ሰባት ዓመት ምሽግ የከረመውን «እኩል ተወዳደር» ማለት ምን ዓይነት እኩልነት ነው? ደግሞም ነጻ የሚባለው ነጻ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን ቀለብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ የሚቆጠረው ዕዳም አብሮ ከፍ ይላል።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለውም ይጠበቃል። በቀን 100 ብር፣ በዓመት አሥር ወር ቢቆጠር የአንድ ተማሪ ቀለብ 30,000 ብር ነው፤ በአራት ዓመት 120,000። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ሰው ወታደር ሳለ ቀለቡንም ልብሱንም ጥይቱንም የከፈለለት ማን ነበር? ያኔ ከየት መጣ ያለ አልነበረም። ለመዋጋት የተገኘ ገንዘብ ለመማር ሲጠየቅ ለምን ይጠፋል?

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው፤ እሱን በቀላሉ ማለፍ ነውር ነው። ትምህርትን የውትድርና ዋጋ ካደረግነው፣ ትምህርት ቤት አጥተው ተስፋ ለቆረጡ ልጆች ማጥመጃ አይሆንም ወይ? ይሆናል። አሜሪካም ውስጥ የሚወቀስበት ጉዳይ ነው፤ የኮሌጅ ክፍያ የከበደው የድኻ ልጅ ትምህርት ፍለጋ ጦርነት ይገባል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ትምህርት ቤት ዘግቶ «መማር ከፈለግህ ብር ሸለቆ ግባ» ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ጠመንጃ ያልነካው ልጅ ትምህርት ቤት ቀድሞ ይከፈት፤ እሱ ለማንም ውለታ መሆን የለበትም። የወታደሩ የትምህርት መብት መመልመያ ማስታወቂያ ላይ የሚሰቀል መሆኑ ይቅር። ቀድሞ ላገለገለው፣ ወዶም ሆነ ተገዶ ለዘመተው፣ በማንኛውም ወገን ተሰልፎ በሰላም ስምምነት ትጥቅ ለፈታው፣ ያለፈው ዕድሜው ካሳ ሆኖ ይቆጠር። ማጥመጃ ወደፊት ለሚመጣው የሚሰጥ ተስፋ ነው። ይህ ግን የተበላ ዕድሜ ክፍያ ነው።

ክፍያው ሲከፈል ደግሞ ጅቦች እንደሚሰበሰቡ ከወዲሁ ይታወቅ። አሜሪካ ውስጥ ለትርፍ የቆሙ ኮሌጆች የተመላሽ ወታደሮችን የትምህርት ገንዘብ እያሳደዱ ሰበሰቡ። አይቲቲ ቴክ የተባለው ትልቅ ተቋም በ2016 በሩን ሲዘጋ፣ ብዙ ወታደር የመብቱን ወራት ጨርሶ የትም የማያስቀጥር ክሬዲት ይዞ ቀረ። በኛም አገር በአንድ ፎቅ ላይ ሦስት «ኮሌጅ» የሚለጠፍበት ከተማ ስንት ነው? ገንዘቡ መሄድ ያለበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲና ቴክኒክና ሙያ ጋ፣ ወይም የመውጫ ፈተና ተማሪዎቹን በሚገባ ወደሚያሳልፍ የግል ተቋም ብቻ ነው።

አሠራሩ አዲስ ሕንጻ አይፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተና ለወደቁ ተማሪዎች የተጀመረው የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሜዲያል የሚባለው፣ አለ፤ ለተመላሹ ወታደርም ይከፈት። ስምንተኛ ላይ ያቋረጠው በማታ ትምህርት ይጨርስ፣ ወራቱ ይቆጠርለት። የወጪ መጋራቱ ዕዳ በአገልግሎት ዘመኑ ተከፍሏል ተብሎ ይሰረዝለት። ሞቶ ከሆነ ወራቱ ለልጁ ይለፍ፤ በየቀበሌው መርዶ ብቻ የደረሳቸው እናቶች ቢያንስ ይህን ይጠይቁ።

ወታደሩ ሲሰናበት መልቀቂያ ወረቀት ይሰጠዋል። ስሙ አለ፣ ማዕረጉ አለ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን አለ። ከነዚህ ሥር አንድ መስመር በአዋጅ ይጨመር፦ «የትምህርት መብት፦ 36 ወር»። ያንን ወረቀት ይዞ ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ፣ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ሲቆም የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አይባል። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አይታ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀው፦ «የትኛውን ትምህርት መረጡ?»