ሁለት ሙከራ ማረጋገጫ የሚሆነው መቼ ነው?

«ሀ ማንኛውም ድፍን ቁጥር ቢሆን ሀ² + ሀ + 41 ምንጊዜም ኢተጋማሽ መሆኑን አረጋግጥ።» ይህን መሰል ጥያቄ ለጀማሪ የሒሳብ ተማሪዎች ሲቀርብ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንደኛው ተማሪ ሀ² + ሀ የሚለውን ወደ ሀ(ሀ + 1) ይለውጣል፤ ከሁለት ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ የግድ ተጋማሽ ስለሆነ ብዜታቸውም ተጋማሽ ነው፣ 41 ሲደመርበት ኢተጋማሽ ይሆናል ይላል። ሌላው በሀ ቦታ 0ንና 1ን ተክቶ 41ንና 43ን ያገኝና «ስለዚህ ምንጊዜም ኢተጋማሽ ነው» ብሎ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ በሁለተኛው ወረቀት ኅዳግ ላይ «ምሳሌ ማረጋገጫ አይደለም» የሚል የቀይ ብዕር ጽሑፍ ይሰፍራል።

በእኔ እምነት ይህ እርማት ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ሁለት ቁጥሮች ሁለቱም ተጋማሽ ወይም ሁለቱም ኢተጋማሽ ከሆኑ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ብንተካው የድምሩም ሆነ የብዜቱ ተጋማሽነት አይለወጥም። ኤውክሊድ «ኤለመንትስ» በተሰኘው ሥራው በዘጠነኛው መጽሐፍ ከ21ኛው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ የሚያስረዳው እንዲህ ያሉትን የተጋማሽና የኢተጋማሽ ሕጎች ነው። ኮኢፊሸንቶቹ ድፍን ቁጥሮች የሆኑ ፖሊኖሚያል ደግሞ ከመደመር፣ ከመቀነስና ከማባዛት በቀር ሌላ ስሌት የለበትም። ስለዚህ 0 ስለ ተጋማሾቹ ሁሉ፣ 1 ደግሞ ስለ ኢተጋማሾቹ ሁሉ ይመሰክራሉ። ሁለት ተለዋዋጮች ቢኖሩ አራት፣ ሦስት ቢኖሩ ስምንት ሙከራ ይበቃል። የሁለተኛው ተማሪ ስሌት አንድም ጉዳይ አላስቀረም፤ የጎደለው ለምን እንደሚበቃ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ያ ዐረፍተ ነገር ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአንድ ግብዣ ላይ ሀ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከሌላው ጋር አንድ ጊዜ ቢጨባበጡ የጭብጦቹ ብዛት ሀ(ሀ − 1)/2 ይሆናል። 0 ብንተካ 0፣ 1 ብንተካም 0 እናገኛለን፤ ሁለቱም ተጋማሽ ናቸው። ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ ግን ውጤቱ 1 ነው። የመግለጫው ዋጋ ምንጊዜም ድፍን ቁጥር ቢሆንም ኮኢፊሸንቶቹ ግማሾች ስለሆኑ፣ ተጋማሽነቱ የሚደጋገመው በየሁለቱ ሳይሆን በየአራቱ ነው። 2 በሀ አርቢነት ከፍ ብሎ 1 ሲደመርበትም ነገሩ ይፈርሳል፦ ሀ 0 ሲሆን 2፣ ሀ 2 ሲሆን 5። ተለዋዋጩ አርቢ ሆኖ ሲመጣ መግለጫው ፖሊኖሚያል አይደለምና።

የሙከራ ብዛት ብቻውን ምንም እንደማይወስን የሚያሳየው ግን ያው የመጀመሪያው መግለጫ ነው። ሀ² + ሀ + 41 ሊዮናርድ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መግለጫ የቅርብ ዘመድ ነው። ከ0 እስከ 39 ያሉትን አርባ ቁጥሮች ብንተካ አርባውም ውጤቶች ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። በ40 ላይ ግን 1681፣ ማለትም 41 ጊዜ 41 ይወጣል። ስለ ኢተጋማሽነቱ ሁለት ሙከራ በቃ፤ ስለ ብቸኛነቱ አርባ ሙከራ አልበቃም።

አንዳንድ መምህራን ይህን ለጀማሪ መንገር ስንፍናን መጋበዝ ነው ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም «ምሳሌ ማረጋገጫ አይደለም» የሚለውን እንደ ቃለ መሐላ ይዞ ወደ ድኅረ ምረቃ የደረሰ ተማሪ፣ ጉዳዮችን አንድ በአንድ በመጨረስ የሚሠራ ማረጋገጫ ሲገጥመው ይደናገራል። ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን በ1976 እ.ኤ.አ. የአራቱን ቀለማት ጥያቄ የፈቱት፣ ማለቂያ የሌላቸውን ካርታዎች በቁጥር ወደ ተወሰኑ ቅርጾች አውርደው ቅርጾቹን በኮምፒውተር በመፈተሽ ነው። ክብደቱ እጅግ ቢለያይም አካሄዱ ከሁለተኛው ተማሪ አካሄድ ጋር ይዛመዳል፤ እነርሱ ግን ፍተሻው ለምን እንደሚበቃ አስረድተዋል።

ስለዚህ የፈተናው ጥያቄ ራሱ ቢሻሻል እመርጣለሁ፦ «ስንት ሙከራ ይበቃል? ለምን?» ለሁለተኛው ተማሪም ግማሽ ነጥብ ሰጥቼ፣ ከቀዩ ማስታወሻ ይልቅ የጭብጡን ጥያቄ ኅዳጉ ላይ ጽፌ ወረቀቱን እመልስለት ነበር።