የኔትወርክ ቡስተር ከመግዛታችሁ በፊት

ሰመር በመጣ ቁጥር ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ቲቸር፣ ልጆቹን ይዘን በአርቪ ወደ የሎውስቶን ልንሄድ ነው፤ የትኛውን ቡስተር እንግዛ?» አርቪ ለማታውቁት፣ አሜሪካ ውስጥ ለጉዞ የሚከራይ፣ መኝታና ኩሽና ያለው ቤት የሆነ መኪና ነው። ትራክ የምትነዱ የቀድሞ ተማሪዎቼም ይሄንኑ ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዱ ከመመለስ እዚህ ልጻፈው።

በእኔ እምነት ቡስተር መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ይገዛዋል።

ቡስተር ኔትወርክ አይፈጥርም። ጣራ ላይ ያለው አንቴና ከማማው የመጣውን ደካማ ሲግናል ይቀበላል፣ ሳጥኑ ያጎላዋል፣ ውስጥ ያለችው ትንሽ አንቴና ለስልካችሁ ታደርሳለች። ስልካችሁ የሚልከውም በዚያው መንገድ ጎልቶ ይወጣል። በአሜሪካ ሕግ ለሁሉም የስልክ ኩባንያ የሚሠራ የመኪና ቡስተር ከ50 ዲሲቤል በላይ ማጉላት አይችልም። ሎጋሪዝም የተማራችሁ አስሉት፤ 50 ዲሲቤል መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ግን ዜሮ በመቶ ሺህ ቢባዛም ያው ዜሮ ነው! ማማ በሌለበት በረሃ ቡስተር ማለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ባሮቹን አትመኑ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብትደውሉ፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ሴቲንግ ገብታችሁ የሲም ሁኔታን ብታዩ ትክክለኛው ቁጥር በዲቢኤም ይወጣል። ከ-90 የተሻለ ከሆነ ቡስተር ብዙም አይጠቅማችሁም። ከ-105 እስከ -120 ባለው መካከል ግን የሚቆራረጠውን ጥሪ ሊያድንላችሁ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከሳጥኑ ይልቅ ስለ አንቴናው ተጨነቁ። እየነዳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ከሁሉም አቅጣጫ የሚቀበል አንቴና ያስፈልጋችኋል። ካምፕ ላይ ቆማችሁ ከሆነ ግን በምሰሶ ከፍ ተደርጎ ወደ ማማው የሚዞረው ባለ አንድ አቅጣጫ አንቴና ይሻላል። የውጪውና የውስጡ አንቴና መራራቅ አለባቸው። የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚጮኸውን ታውቃላችሁ አይደል? ቡስተርም እንደዚያው ነው። አንቴናዎቹ ከተሰማሙ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል ወይም ይዘጋል። የብዙ አርቪ ጣራ ፋይበርግላስ ስለሆነ ሲግናል አያግድም፤ ችግሩ እዚያ ይብሳል።

ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ከሆነ የምትፈልጉት ቆም በሉ። የዛሬ ስልኮች በሁለትና በአራት አንቴና በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ። አብዛኛው የመኪና ቡስተር ግን የሚያስተላልፈው በአንድ መስመር ብቻ ነው። ኔትወርኩ መካከለኛ በሆነበት ቦታ ቡስተር ፍጥነቱን ሊቀንስባችሁ ይችላል። ቲሞባይል በገጠር የሚጠቀምበትን 600 ሜጋኸርዝም አብዛኞቹ ቡስተሮች አያጎሉትም። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ሲም የሚገባበት ራውተርና ጣራ ላይ የሚገጠም ባለ ብዙ መስመር አንቴና ይሻለዋል።

እንግዲህ የእኔ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ የሌላ ኩባንያ ሁለተኛ ሲም ወይም ኢሲም ያዙ። ቬራይዘን በሌለበት ኤቲ ኤንድ ቲ ሊኖር ይችላል፤ ዋጋውም ከቡስተር ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ዳውንሎድ አድርጉ። ይሄ ሁሉ ካልበቃ፣ ያኔ ቡስተር ግዙ። ስትገዙም የኤፍሲሲ ፈቃድ ያለውን መርጣችሁ ስልክ ኩባንያችሁ ጋር አስመዝግቡት፤ ግዴታ ነው። ለቤት የተሠራውን ረከሰ ብላችሁ መኪና ላይ አትግጠሙ።

አንድ ነገር ግን ከምር ውሰዱልኝ። ቡስተሩ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ስንቶቻችን አንብበናል? በዚህ መሣሪያ በኩል 911 ስትደውሉ ያላችሁበት ቦታ ላይታወቅ ወይም ተሳስቶ ሊታይ ይችላል ይላል። ስለዚህ መንገዱን፣ ማይል ማርከሩን፣ የካምፑን ስም በቃል ለመናገር ተዘጋጁ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት በአሜሪካ በሳተላይት የድንገተኛ መልእክት መላክ ይችላሉ፤ ስልኩ ውስጥ መለማመጃ አለው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሞክሩት። የምትደርሱበትን ሰዓትም ለአንድ ሰው ንገሩ። አባቶቻችን ስልክ ሳይኖር ሩቅ አገር የሚሄዱት እኮ የሚጠብቃቸው ሰው መምጫቸውን እያወቀ ነበር።

ብዙ መቶ ዶላር የወጣበት ሳጥን ዳሽቦርድ ሥር ተቀምጦ ሲታይ ልብ ይሞላል። እኔ የምፈራው ያንን የልብ ሙላት ነው። ቤተሰብ ይዛችሁ ሰው የሌለበት መንገድ ስትገቡ፣ ኔትወርክ እንደማይኖር አስባችሁ ግቡ። ከተገኘ ትርፍ ነው።

ትራክ ላይ ያላችሁ፣ የትኛው መንገድ ላይ የትኛው ኩባንያ እንደሚይዝ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። መልካም መንገድ!