የጋራ መዝገብ ተጠያቂ ያሻዋል

ብዙ ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ሆነው አንድን ሰነድ ወይም መዝገብ በጋራ እንዲያነቡና እንዲያርሙ የሚያስችለው ሶፍትዌር በየመሥሪያ ቤቱ በተስፋፋ ቁጥር፣ መረጃው በራሱ ተጠብቆ የሚኖር የሚመስላቸው ተጠቃሚዎችም እየበረከቱ መጥተዋል። ይህ እምነት አደገኛ ነው፤ መሣሪያው የሚጠብቀው የቅጂዎችን መመሳሰል ሲሆን፣ የመረጃው እውነተኛነት ግን ከሰው ጫንቃ አይወርድም።

የችግሩ ሥር በቀላል ስሌት ይታያል። በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን 100 ኩንታል ጤፍ አለ እንበል። ሁለት ሠራተኞች መዝገቡን በአንድ ጊዜ ከፍተው 100 የሚለውን ካነበቡ በኋላ፣ አንደኛው 30 ኩንታል ወጪ አድርጎ 70፣ ሌላው ደግሞ 20 ኩንታል ወጪ አድርጎ 80 ብለው ቢመዘግቡ፣ በመጋዘኑ የቀረው 50 ኩንታል ሆኖ ሳለ በመዝገቡ የሚገኘው በመጨረሻ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን «የጠፋ ለውጥ» ይሉታል፤ ማንም ሳይሰርቅና ማንም ሳይዋሽ መዝገቡ ሐሰተኛ ሆኗልና። የቆየው መፍትሔ አንዱ ሲጽፍ መዝገቡን በሌሎች ላይ መቆለፍ ነበር፤ ይህ ስሕተቱን ቢከላከልም፣ መዝገቡን እንደከፈተ ወደ ምሳ የሄደ አንድ ሠራተኛ የባልደረቦቹን ሁሉ እጅ ስለሚያስር የጋራውን ሥራ ወደ ወረፋ ይመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ቴክሳስ ይሠሩ የነበሩት ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ ሌላ መንገድ አሳዩ፤ በዚህ ስልት እያንዳንዱ ጸሐፊ ማንንም ሳይጠብቅ በራሱ ቅጂ ላይ ይጽፋል፣ ለውጡም ወደ ሌላው ሲደርስ በመካከሉ የገቡት ፊደላት ታስበው ቦታው ተስተካክሎ ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ፣ በአንድ ጊዜ የተደረጉ ለውጦች በተለያየ ቅደም ተከተል ቢደርሷቸውም መጨረሻቸው አንድ እንዲሆን የተነደፉ የመረጃ ዓይነቶችን ይፋ አደረጉ። ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው የኢትዮጵያ ከተሞችና ወረዳዎች ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ግንኙነቱ ሲጠፋ መጻፉን ይቀጥላል፣ ሲመለስም ሥራው ከባልደረቦቹ ሥራ ጋር ይዋሐዳል።

ይሁንና መመሳሰል ከመስማማት ይለያል። «ስብሰባው ማክሰኞ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲያርሙ፣ አንዱ ማክሰኞን ሰርዞ «ረቡዕ»፣ ሌላው ደግሞ «ሐሙስ» ቢጽፍ፣ ሁለቱም ቅጂዎች «ስብሰባው ረቡዕሐሙስ ነው» በሚል አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሊያበቁ ይችላሉ። ስልቱ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ የስብሰባውን ቀን የሚያውቅ ግን የለም። አንዱ በሰንጠረዡ አናት አዲስ ወጪ ሲጨምር ሌላው በግርጌው ጠቅላላውን በጀት ቢቀንስ ጉዳቱ ይብሳል፤ ለውጦቹ ተራርቀው ስለሚያርፉ ግጭቱ ለዓይን እንኳ አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው ሎተስ ኖትስ በዚህ ረገድ የተወው ትምህርት ዛሬም አላረጀም። ይህ ሶፍትዌር ሁለት የሚጋጩ እርማቶች ሲገጥሙት አንዱን በዋናነት ይዞ፣ ሌላውን የግጭት ምልክት ሰጥቶ ለብቻው በማስቀመጥ ውሳኔውን ለሰው ይተወው ነበር። የሚወስነው ሰው ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ የሚመርጠው ሁሉም የሚያየው መዝገብ ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው ስለሚያሻው ነው። በጋራ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድንም ለእያንዳንዱ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ሊሰይም፣ ማን ማንበብ ማንስ ማረም እንደሚችል ሊለይ፣ የለውጦቹ ታሪክም በእያንዳንዱ ሰው ስም እንዲቀመጥ ሊያደርግ ይገባዋል፤ አንድ የይለፍ ቃል ለአሥር ሰው በሚታደልበት ቢሮ ይህ ታሪክ ትርጉም የለውም። መዝገቡ 80 ሲል መጋዘኑ 50 ሆኖ በተገኘ ዕለት፣ ወርዶ ኩንታሉን የሚቆጥረውና ቁጥሩን የሚያርመው ሰው ከወዲሁ መታወቅ ይኖርበታል።