ስለ ባሕር ፎቶግራፍና ስለ ተውሶ ሰማይ

በማደሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ የባሕር ፎቶግራፍ ተለጥፎ ይገኛል። ያነሳው የክፍል ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። ይህ ሰው የጭነት መኪና እየነዳ ወደ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ አንድ ቀን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ቆሞ በእጅ ስልኩ አነሳና ለወንድሙ ላከለት። እንደ ደረሰን ሰማዩ ነጭ፣ ባሕሩም እንደ አሮጌ ቆርቆሮ የደበዘዘ ነበር። ጓደኛዬን ይህ አላስደሰተውም። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ነጩን ሰማይ አወጣና በምትኩ እንደ ፍም የቀላ የማታ ደመና አገባበት። እኛም ተሰብስበን «አሁን ገና ባሕር ሆነ!» ብለን አደነቅን፤ አሳትመንም ለጠፍነው።

ወንድምየው በበዓል ሰሞን ሊጠይቀን መጥቶ ፎቶግራፉን ባየ ጊዜ ግን አላወቀውም። «ይህ ደግሞ የት አገር ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ጋሼ፣ አንተ የላክኸው እኮ ነው» ቢባል ጥቂት ዝም ብሎ ተመለከተና «እኔ የቆምሁ ዕለት ደመና የሚባል አልነበረም፤ ሙቀቱ ዓይን አያስገልጥም ነበር» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። ነገሩን ካሰብሁበት በኋላ የደረስሁበት አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ በባሕር ዳር ፎቶግራፍ ላይ የሌላ ቀን ሰማይ ማግባት ጌጥ መጨመር አይደለም፤ የሐሰት ምስክርነት ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ባሕር መልኩን አብዛኛውን የሚቀበለው ከሰማይ ነው። ነፋስ በሌለ ጊዜ የውኃው ገጽ እንደ መስተዋት ሆኖ ከበላዩ ያለውን ያሳያል። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ እያንዳንዷ ሞገድ በየፊናዋ እያዘነበለች የተለያየ የሰማይ ክፍል ታሳያለች። ደመና ፀሐይን ሲጋርዳት ውኃው ይጠቁራል፤ ዝናም አልፎ ፀሐይ በደመናው ሥር ብቅ ስትል ገደሉም አረፋውም ባንድ ጊዜ ይበራል። እንግዲህ ሰማይና ባሕር አንዱ ያለ ሌላው የማይነገር አንድ ታሪክ ናቸው። በኛ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ደመናው ቀልቶ ሳለ ውኃው ምንም እንዳልቀላ ያያል፤ የድንጋዮቹም ጥላ አጭር ነው። ሰማዩ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ድንጋዩ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው።

ሰማይ መዋስ የዛሬ ፈጠራ አለመሆኑን ማመን አለብኝ። ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1857 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ «ታላቁ ማዕበል» የተባለውን ስመ ጥር ፎቶግራፍ የሠራው ከሁለት ነጋቲቮች ነው፤ አንዱ የባሕሩ፣ ሁለተኛው የሰማዩ ሲሆን የተጋጠሙት በአድማሱ መስመር ላይ ነው። ይህን ያደረገው ግን ወዶ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የፎቶግራፍ መድኃኒት የሚቀባው በመስተዋት ላይ ነበር፤ መስተዋቱም ሳይደርቅ መነሳትና መታጠብ ስለ ነበረበት ፎቶግራፍ አንሺው ጨለማ ድንኳኑን ይዞ መዞር ግድ ይሆንበታል። መድኃኒቱ ሰማያዊ ብርሃንን ፈጥኖ ሲቀበል ሌላውን እምብዛም አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ለባሕሩና ለዓለቱ የሚበቃ ጊዜ ቢሰጠው ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ለሰማዩ በሚበቃው ልክ ቢያነሳ ደግሞ ምድሩ ይጨልማል። ለ ግሬ በሁለት መስተዋት የሠራው ዓይኑ ያየውን አንዱ መስተዋት መሸከም ስላቃተው ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ አንድ ሰማይ ከአንድ በላይ በሆኑ ባሕሮች ላይ ደጋግሞ ስለ ተጠቀመበት፣ እኔ በበኩሌ ጥበቡን ባደንቅም ይህን አልቀበልለትም።

ዛሬ ያ ችግር የለም። ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ መስተዋት በካሜራው ፊት ቢደረግ የሰማዩ ብርሃን ይቀንሳል። ወይም ካሜራው ሳይነቃነቅ አንዱን ለሰማዩ፣ አንዱን ለምድሩ ተከታትሎ አንስቶ ማዋሐድ ይቻላል። ይህን አልነቅፍም፤ ሰማዩ የዚያው ቦታና የዚያው ደቂቃ ነውና። የምነቅፈው ሌላውን ነው። ፎቶሾፕ የተባለው የኮምፒዩተር መሣሪያ በጥቅምት 2020 ሰማይን በሌላ ሰማይ የሚተካ አዲስ ሥራ ተጨመረለት፤ ከዚያ ወዲህ የማንም ባሕር የማንም ሰማይ ሊለብስ የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ለ ግሬ አማራጭ አጥቶ ያደረገውን እኛ መጠበቅ ሰልችቶን እናደርገዋለን።

መጠበቅ ምን እንደሚያፈራ ከአንድ ሠዓሊ እንማር። ክሎድ ሞኔ በ1880ዎቹ በኖርማንዲ ጠረፍ ኤትረታ በምትባለው መንደር፣ ባሕር እንደ በር የፈለፈለውን ነጭ ገደል ይሥል ነበር። ብዙ ሸራ ይዞ ይወጣል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ የያዘውን ሸራ አኑሮ ሌላውን ያነሣል፤ ያ ብርሃን ሲመለስ እርሱም ወደ መጀመሪያው ሸራ ይመለሳል። በኅዳር 1885 ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ተሳስቶ ሞገድ ከገደሉ ጋር አላትሞታል፤ መሣሪያውንም ወስዶበታል። የሸራና የቀለም ሰው እንኳ ሰማዩን አልለወጠም፤ ሸራውን ለወጠ እንጂ። በባሕር ዳር መጠበቅ ቀላል አይደለም። የባሕሩ መሙላትና መጉደል በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ጀንበር ስትጠልቅ የታየው የውኃ ከፍታ በዚያው ሰዓት ተመልሶ የሚገኘው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ደመናው ከመጣ ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ ሰማዩ ነጭና ባዶ የሆነ እንደ ሆነስ?» ይል ይሆናል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ ከ1980 ጀምሮ በብዙ አገሮች ጠረፍ ያነሳቸው የባሕር ፎቶግራፎች ለዚህ መልስ ናቸው። ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ውኃ፣ አድማሱ በመካከል፤ መርከብ የለ፣ ወፍ የለ፣ የቀላ ደመናም የለ። በአንዱ አድማሱ እንደ ክር ጥርት ብሎ ይታያል፤ በሌላው ጉም ሸፍኖት ውኃና አየር አይለዩም። ሰው ግን ከፊታቸው ቆሞ ይውላል። ባዶ ሰማይ ነውር አይደለም።

«ፎቶግራፍ ጥበብ ነው፤ ጥበብ ደግሞ ነፃ ነው» የሚሉ ጓደኞች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ነፃነቱን አልቃወምም። ከሁለት ባሕር አንድ ምናባዊ ባሕር የሠራ ሰው ከሥሩ «ሠራሁት» ብሎ ይጻፍ፤ እኔም አጨበጭብለታለሁ። ከሥሩ የቦታ ስም ጽፎ፣ ቀን ጽፎ፣ «እዚህ ነበርሁ» ካለ ግን ምስክር ሆኗል፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ብቻ ይናገራል።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳየው ጠረፍ ራሱ አላፊ መሆኑ ነው። በማልታ አገር በጎዞ ደሴት የነበረው «ሰማያዊው መስኮት» የተባለ የድንጋይ ቅስት መጋቢት 8 ቀን 2017 በማዕበል ፈርሶ ባሕር ገባ። በአውስትራሊያም «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ከሚባሉት በባሕር ውስጥ ከቆሙ ዓምዶች አንዱ በሐምሌ 2005 ተናደ። እነዚህ ዛሬ የሚገኙት በፎቶግራፍ ብቻ ነው። የሞተ ዘመዳችንን ፎቶግራፍ አውጥተን በሌላ ሰው ዓይን ብንተካው «አሁን አማረ» የሚል ለቀስተኛ ይገኛል?

እኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ልንቆረቆር ይገባናል። ኤርትራ በ1993 ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ከኛ መካከል ባሕርን በዓይኑ ያየው ጥቂት ነው። ለብዙዎቻችን ባሕር ማለት ሌላው ቆሞ ያየልን ነው። የባሕር ዳር ሰው ውሸተኛ ፎቶግራፍ ቢያይ ወጥቶ ያመሳክራል፤ እኛ ግን የነገሩንን ይዘን እንቀራለን። በተውሶ ሰማይ የተሣለ ባሕር ለለመደ ዓይን ደግሞ እውነተኛው ባሕር ሲመጣ ይደበዝዝበታል። እኛም የደረሰብን ይኸው ነው፤ ሰውየው በዚያ ትኩሳት ቆሞ የላከልንን ባሕር ባሕር አይደለም ብለን መለስነው።

እንግዲህ ካሜራ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ሰማዩ እንቢ ካላችሁ ቆዩ፤ ቆይታችሁም ካልሆነ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ግቡ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት አባቶቻችን ፎቶግራፍ አንሺዎች ባይሆኑም ለዚህ ሥራ የሚበጀውን ተናግረዋል።

ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ነጩን ፎቶግራፍ አሳትሞ ከቀዩ ጎን ለጥፎታል። አሁን ልብ ብዬ ሳየው ሙቀቱ ይታየኛል። የተጠራጠረ ካለ ወደ ክፍላችን ብቅ ብሎ ሁለቱን አይቶ ይፍረድ።