የመምህሩ ማስታወሻ፦ ዝናቡ ሳይቀድመን

ካባላጋላ ያላችሁም፣ ናኪቫሌ ሰፈራ ያላችሁም፣ ይህች ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የምትደርሳችሁ ሁሉ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ልጆቻችን ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ደብተሩን ዘግተን፣ ቀና ብለን ጣሪያውን እንይ።

በአገራችን መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ እፎይ ይላል። ክረምቱ አለፈ፣ ጭቃው ደረቀ፣ አደይ አበባ ፈነዳ ይባላል። እኔ ደሴ ስላደግሁ የክረምትን ነገር አውቃለሁ። አባቴ ግንቦት ላይ ነበር መሰላል አቁሞ ቆርቆሮውን የሚመታው፣ ቦዩን የሚጠርገው። መስከረም ከገባ በኋላ ስለ ጣሪያ የሚያወራ አልነበረም። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በካምፓላ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛ እንቁጣጣሽ ብለን ሳንጨርስ ይጀምርና እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ይዘልቃል። እኛ “ክረምት ወጣ” ስንል እዚህ ገና መግባቱ ነው። እንግዲህ የአባቴ የግንቦት ሥራ፣ ለኛ የነሐሴና የጳጉሜ ሥራ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። እንደመጣሁ ከካባላጋላ መንገድ ቁልቁል ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር አንድ ሙዚጎ ተከራየሁ፤ ያው አንድ ክፍል ቤት ነው። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈስ ነበር። ባለቤቴ “ኧረ ይሄን ጣሪያ አንድ በለው” ስትለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ “ፕሮሰሳችን እየሄደ ነው። ነገ ለምንለቀው የሰው ቤት ምስማር የምመታው ምን በወጣኝ?” እንዲህ እያልኩ ሦስት የዝናብ ወራት አለፉ። ባልዲ እናስቀምጣለን፣ ባልዲው ሲሞላ እንደፋለን፣ እንተኛለን።

በጥቅምት አንድ ሌሊት ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ከላይ ጣሪያው ያፈሳል፣ ከታች ደግሞ ከዳገቱ የመጣው ጎርፍ በበሩ ስር ገባ። እኛ ልጆቹን አልጋ ላይ አውጥተን ፍራሹን ስናተርፍ፣ ከአልጋው ስር የነበረችውን ካርቶን ማንም አላስታወሳትም። ካርቶኗ ውስጥ የቤተሰባችን የስደተኝነት ማረጋገጫ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ውጤትና ከመምህራን ኮሌጅ የተቀበልኩት ዲፕሎማ ነበሩ። ጠዋት ዲፕሎማውን እንደ ልብስ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ሲደርቅ ማኅተሙ ቀርቶ ስሜ ጠፍቷል። የማረጋገጫውን ወረቀት ለማስተካከልም ስንት ቀን ሰልፍ፣ ስንት የታክሲ ብር እንደፈጀ ባትጠይቁኝ ይሻላል። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬም ካባላጋላ ነን። ፕሮሰሱም እየሄደ ነው። ግን አሁን ጣሪያችን አያፈስም። ታዲያ እናንተ እንደኔ በኪሳራ እንዳትማሩ፣ የተማርኩትን በየተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጣሪያ። ቀዳዳ የሚፈለገው በዝናብ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ነው። በርና መስኮት ዘግታችሁ ቀና በሉ። ብርሃን እንደ ኮከብ የሚያበራበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ትንሿ ቀዳዳ በጨርቅና በሬንጅ ትደፈናለች። የላላ ምስማር ካለ ነቅላችሁ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ከስሩ አድርጋችሁ መልሳችሁ ምቱት። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ከመታችሁት ለውሃው በር ከፈታችሁለት ማለት ነው። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው እንጨት ባለበት፣ ማለትም የምስማሩን መስመር ተከትሎ ይርገጥ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ግን ማንም እንዳይወጣ።

ናኪቫሌ በጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ ግድግዳውን አሁን ምረጉት። ጭቃው ከደረቅ ሣር ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ሲያድር ይጠነክራል፤ ይህን እናቶቻችን ያስተማሩን ነው። የጣሪያው ሸራ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይውጣ። ውሃው ግድግዳው እግር ላይ ከወረደ ቤቱ ከስሩ ይበላል።

ሁለተኛ፣ የውሃ መንገድ። አሸንዳ ካላችሁ ቅጠሉን ጥረጉ። ከጣሪያ ውሃ የምትቀዱ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ ይሂድ፤ ጀሪካን ከዚያ በኋላ ይደቀናል። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ። ውሃው ወደ ጎረቤት በር ሳይሆን ወደ ዋናው መውረጃ እንዲሄድ አድርጉ። መጸዳጃ ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በትንሽ እርከን መልሱት። ጉድጓዱ ሞልቶ ከወጣ በሽታው ወደ ሁላችን ቤት ነው የሚመጣው።

ካምፓላ የኮረብታ ከተማ ናት። ዳገት ላይ የተጣለ ፌስታል፣ ሰዉ እዚህ ካቬራ የሚለው፣ ሜዳ ላይ የሰው ቤት ያጥለቀልቃል። በማርች 2025 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ባጥለቀለቀው ጎርፍ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እኛም ለጎርፍ እንግዳ አይደለንም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በጋ ሙሉ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነበር። ደረቅ ቦይ አይታመንም።

ሦስተኛ፣ ወረቀት። ማረጋገጫችሁን፣ የልጆች ክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉ። አልጋ ስር ግን በፍጹም! ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። የኔን ዲፕሎማ አስታውሱ።

አራተኛ፣ አጎበር። ካምፓላ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንደ ደሴ ካለ ደጋ የመጣን ሰዎች ሰውነታችን ወባን አይለምድም። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር የሚበቃት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ በግቢያችሁ ውሃ የቋጠረውን ጉድጓድ በየሳምንቱ ድፈኑ። አጎበሩን ዛሬውኑ ፈትሹት። የተቀደደው በመርፌ ይሰፋ፣ ሲታጠብም ጥላ ላይ ይድረቅ። ትኩሳት ከመጣ “ብርድ ነው” ብሎ መተኛት የለም፤ በቶሎ መመርመር ነው።

አምስተኛ፣ ከሰልና መብረቅ። ዝናብ ሲያበርደን ምድጃውን ይዘን እንገባለን፣ ቡናም እናፈላለን፣ በር እንዘጋለን። በዚህ ነገር እለምናችኋለሁ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ፍሙ የቀላና ጭሱ የጠፋ ቢመስልም ያው ነው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይደር። መብረቅን በተመለከተ፣ በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኡጋንዳ ፓላቤክ የስደተኞች ሰፈር፣ ለጸሎት ተሰብስበው ከዝናብ የተጠለሉ 14 ሰዎች በመብረቅ ሞተዋል፤ የተጎዱት ከ30 በላይ ናቸው። እንደኛው ስደተኞች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ልጆች። ነጎድጓድ ስትሰሙ ከዛፍ ስርና ከብረት ምሰሶ ራቁ። ቤት ውስጥም ከቆርቆሮ ግድግዳ ፈቀቅ በሉ፣ ቻርጀርና ቴሌቪዥን ከሶኬት ንቀሉ። የኤክስቴንሽን ገመድም መሬት ላይ አይተኛ።

“የቤቱ ባለቤት እያለ ለምን እኔ?” የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ጣሪያ የአከራይ ሥራ ነው። ግን ዝናብ ሳይመጣ በትሕትና ንገሯቸው። እናንተ ልታሠሩ ከሆነም የቆርቆሮውንና የምስማሩን ዋጋ ከኪራዩ ለማስቀነስ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ቢቻል የኤል ሲ ዋን ሊቀመንበሩ ባሉበት። ደረሰኝ አትጣሉ። እኔ አከራያችንን፣ ጃጃ የምንላቸውን አሮጊት፣ ሄጄ ሳናግራቸው “ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?” ብለው ሳቁብኝ። የምስማሩን ዋጋ ከኪራዩ ቀነሱልኝ፣ መሰላሉንም አዋሱኝ። ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ስጠይቃቸው፣ ኅዳር ላይ ንሴኔኔ፣ ያ ጠብሰው የሚበሉት ፌንጣ፣ መጥቶ ሲሄድ እንደሆነ ነገሩኝ።

የቦዩ ሥራ ግን ለአንድ ሰው አይሆንም። እኛ ደቦ፣ ወንፈል የምንለውን፣ የቡጋንዳ ሰዎች ቡሉንጊ ብዋንሲ ይሉታል፤ ለአገር ደህንነት ተብሎ አብሮ መሥራት ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘን ከጎረቤቶቻችን ጋር ብንወጣ ቦዩ ይጠረጋል፣ ቋንቋም እንለምዳለን፣ “እነዚያ እንግዶች” መባሉም ይቀራል። ባሏ የሌላት እናት ወይም አቅም ያጣ አዛውንት በሰፈራችሁ ካለ፣ የነሱን ጣሪያ አስቀድሙ።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም የሆነ ነገር እየጠበቅን ነው። ስልክ የሚጠብቅ አለ፣ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቅ አለ፣ አገር ሰላም እስኪሆን የሚጠብቅም አለ። መጠበቁ አይቀርም። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት በምንጠብቅበት ቤት ውስጥ ነው። ነገ ብንለቀውም እንኳ፣ ከኛ በኋላ የሚገባው ስደተኛ ደረቅ ወለል ያገኛል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን። መልካም አዲስ ዓመት!