ከምድር በታች ያለ ሰው ወዴት ነው?

እረኛ ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ ይቈጥራል። ቈጥሮም አንድ ቢጐድልበት መጕደሉን ያውቃል እንጂ የጐደለው በየትኛው ሸለቆ እንደ ቀረ አያውቅም። መጕደሉን ማወቅና ያለበትን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህም ልዩነት በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የሞትና የሕይወት ጕዳይ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዐምዳችን ጥቂት ልንገልጽ ወደናል።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ጃንዋሪ 2 ቀን 2006 ዓ.ም. በማለዳ፣ በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው በሳጎ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ፍንዳታ ሆነ። በውስጥ ከነበሩት ሠራተኞች 13ቱ ሊወጡ አልቻሉም። አንዱ ፍንዳታው ከሆነ በኋላ ሞተ። 12ቱ ግን ጢስና መርዛም አየር መንገዱን ስለ ዘጋባቸው መጋረጃ ጋርደው ተጠለሉ፤ በላይ ያሉት እንዲሰሟቸውም ጣራውን የሚደግፈውን ብረት በመዶሻ ይመቱ ነበር፤ ነገር ግን መልስ አላገኙም። አዳኞች ከ41 ሰዓት ያህል በኋላ በደረሱባቸው ጊዜ በሕይወት የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። የቀሩትን 11 ሰዎች ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ገድሏቸዋል።

በዚህም ላይ ሌላ መከራ ተጨመረ። አዳኞች ከጕድጓዱ የላኩት ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ተዛባና፣ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ለሚጠብቁት ቤተ ሰቦች 12ቱ በሕይወት እንዳሉ ተነገራቸው። እውነቱ የተገለጠላቸው ሦስት ሰዓት ያህል ከተደሰቱ በኋላ ነው።

ከዚህ ኀዘን የተነሣ በዚያው ዓመት ጁን 15 ቀን በአሜሪካ አዲስ ሕግ ጸደቀ። ሕጉም የከርሰ ምድር የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ሁሉ በአደጋ መከላከያ ዕቅዳቸው ላይ፣ ከውስጥና ከውጭ የሚነጋገሩበትን ሽቦ አልባ መገናኛና ሠራተኞች ያሉበትን ስፍራ የሚያመለክት መሣሪያ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲያገቡ አዘዘ።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቍጥር ያለው ትንሽ መለያ በራስ ቍሩ ወይም በመታጠቂያው ላይ ያደርጋል። በመተላለፊያው ውስጥ ደግሞ በየርቀቱ ተቀባዮች ይተከላሉ። ሠራተኛው በአጠገባቸው ሲያልፍ መለያው ቍጥሩን በራዲዮ ሞገድ ያስታውቃል፤ ተቀባዩም ቍጥሩንና ሰዓቱን ወደ ላይ ያስተላልፋል። በላይ የተቀመጠው ተረኛ እገሌ በዚህ ሰዓት በዚህ ስፍራ አለፈ የሚለውን ከኮምፒዩተሩ ላይ ያነባል። ተቀባዮቹን በውስጥ መትከል ያስፈለገውም ተራ የራዲዮ ሞገድ ዐለትን ሰንጥቆ ሩቅ ሊሄድ ስለማይችል ነው። እጅግ ዝግ ያለ ሞገድ ምድርን ሊያልፍ ይችላል፤ ዳሩ ግን የሚሸከመው መልእክት ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ የመሣሪያውን ወሰን ማወቅ ይገባል። መሣሪያው የሚናገረው ሰውየው በመጨረሻ ያለፈበትን ተቀባይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደ ሸሸ ላይናገር ይችላል። ሕጉም ራሱ ሠራተኞቹ አሁን ያሉበት ወይም ከአደጋው በፊት የነበሩበት ስፍራ እንዲታወቅ ይላል። ደግሞም ፍንዳታ ሽቦን ይበጥሳል፣ ተቀባይንም ይሰብራል። ስለዚህ መልእክቱ አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላው እንዲሄድ፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪ እንዲተካው፣ መሣሪያውም ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የሚያቀጣጥል ብልጭታ እንዳያወጣ ተደርጎ መሠራት አለበት።

ቀድሞ የነበረው ልማድ፣ ማለት ሠራተኛው ሲገባ ቍጥር የተቀረጸበትን ናስ በሰሌዳ ላይ መስቀል፣ በአሜሪካ ዛሬም አልቀረም። ናሱ ማን እንዳልወጣ ይናገራል፤ አዲሱ መሣሪያ ደግሞ ያልወጣው ወዴት እንዳለ ይጠቁማል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የተቀበረውን ለማዳን የሚገባውም ሰው ነፍሱን ይዞ እንደሚገባ አንርሳ። በኦገስት 2007 ዓ.ም. በዩታ ግዛት በክራንዳል ካንየን 6 ሠራተኞች በናዳ ተዘጋባቸው። ከላይ ወደ ታች ጕድጓድ በተደጋጋሚ ቢቈፈርም አልተገኙም፤ በዚያው ወር 16 ቀን ሌላ ናዳ ወርዶ ከአዳኞቹ 3 ሰዎች ሞቱ። የሚፈለገው ሰው ያለበት ሲታወቅ የሚድነው ተፈላጊው ብቻ አይደለም፤ ፈላጊውም ያለ ፍሬ ከመቅበዝበዝ ይድናል።

እንግዲህ መሣሪያው ዐለት አይፈነቅልም፣ መርዝም አያጠፋም። የሚሰጠው ጊዜን ነው። ይህንም የሚሰጠው በደኅናው ቀን ለተጠነቀቀለት ነው። መለያውን ሳያደርግ የገባ ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደሌለ ይቈጠራል፤ ባትሪው የሞተ ተቀባይም ዐይኑ እንደ ጠፋ ዘበኛ ነው። ስለዚህ የሥራ ኀላፊ የሆነ ሁሉ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት መለያቸውን አንድ በአንድ ይመልከት፤ ከአደጋ በኋላ ቤተ ሰቦቻቸው በደጅ ቆመው ስለ ልጆቻቸው ሲጠይቁት የሚመልሰው ቃል የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነውና።